ጥቁሩን ገጸ ባሕርይ ሁልጊዜ አማካሪ የማደርገው ለምንድን ነው?

የሌሊት ብዕር ጠየቀች፦

ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከምወዳቸው ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ተነሥቼ የአድናቂ ድርሰት፣ ብዙዎቻችሁ ፋንፊክ የምትሉትን፣ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አንዲት አንባቢ ድርሰቶቼን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባ ስትጨርስ አንዲት አጭር ጥያቄ ላከችልኝ፤ በፊልሙ ውስጥ ከሁለቱ ዋና ሰዎች አንዱ የሆነው ጥቁር ወጣት በእኔ ድርሰቶች ውስጥ ቤት የሌለው ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም፤ ሲገባኝ ተናደድሁ፤ ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ቁጭ አልሁ።

እስካሁን ያወጣኋቸው ድርሰቶች 31 ናቸው። ይህ ገጸ ባሕርይ በ27ቱ ውስጥ ስላለ ረስቼዋለሁ ማለት አልችልም። ነገር ግን በ22ቱ ውስጥ የሚገባው የሌላ ሰው በር አንኳኩቶ ነው፤ ነጩ ጓደኛው ስለ ፍቅሩ ሲያለቅስ ያዳምጣል፣ አንድ የበሰለ ምክር ይሰጣል፣ ከዚያም ተነሥቶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ በአንዱም ላይ አልጻፍሁም። ታሞ አያውቅም፣ ዋሽቶ አያውቅም፣ ቀንቶ አያውቅም፤ በ31 ድርሰት ውስጥ አንድም ሰው አንድም ጊዜ አላቀፈውም። ነጩ ጓደኛው ግን በፊልሙ ውስጥ ሰው የገደለ ሆኖ ሳለ፣ ስለ ልጅነት ቁስሉ ብቻ ከ40 ገጽ በላይ ጽፌለታለሁ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ እኔ ራሴ ጥቁር መሆኔ ነው። ሰውን በቆዳው ቀለም የመናቅ ሐሳብ በልቤ ኖሮ አያውቅም ብዬ የማምን ሰው የጻፍሁት ነገር ዘረኝነት ሊባል ይችላልን? ወይስ የምርጫ ጉዳይ ብቻ ነው? ምርጫ ከሆነስ፣ ይህ ምርጫ ከየት መጣብኝ? ይህንን የምጠይቀው እንድትወቅሱኝ ወይም እንድታጽናኑኝ ብዬ አይደለም። አዲስ ድርሰት ጀምሬ አሥር ቀን ሙሉ አንድ አንቀጽ መጨረስ ስላቃተኝ ነው።

አሮጌ መዝገብ መለሰ፦

እህቴ፣ አንባቢሽ «ቤት የለውም» ያለችበትን ቃል እኔም በማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ። ብዙ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲነጋገሩ ስድብና ማስፈራሪያ የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ይፈልጋሉ፤ የአንቺ 31 ድርሰቶች ግን ያለ አንዲት ክፉ ቃል ተጽፈው ያው ጉዳት እንዴት እንደሚደርስ ያሳያሉ። «ምርጫዬ ከየት መጣ?» ላልሽው የማውቀውን ያህል ከታሪኩ ልንገርሽ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ሳይንስ ልብወለድ አድናቂዎች በእጃቸው እያባዙ በሚለዋወጧቸው መጽሔቶች ላይ ካርል ብራንደን የሚባል ጥቁር አድናቂ ነበር። ጽሑፎቹ ቀልደኞች ስለነበሩ በጣም ይወደድ ነበር። በኋላ ሲታወቅ ግን ካርል ብራንደን የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም፤ ቴሪ ካር የተባለ ነጭ ጸሐፊ ከባልንጀራው ጋር የፈጠረው ነበር። እኔ ይህንን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር መሳቅና ማዘን ይቀላቀሉብኛል፤ ማኅበረሰቡ በእጅጉ የወደደው ጥቁር አባሉ በሕይወት የሌለ፣ ምንም የማይጠይቅና ምንም የማያማርር ሰው ነበርና። በ1999 የተመሠረተውና በዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ነጭ ያልሆኑ ደራስያንንና አንባብያንን ለማብዛት የሚሠራው ካርል ብራንደን ሶሳይቲ ስሙን ከዚሁ ሰው ወስዷል፤ ቀልዱን ለባለቤቶቹ መመለስ ማለት ይኸው ነው።

ሳሙኤል ዲሌኒ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ደግሞ በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድ ልብወለዱን በተከታታይ እንዲያወጣለት አናሎግ ለተባለው የሳይንስ ልብወለድ መጽሔት ልኮ ነበር። አዘጋጁ ጆን ካምቤል ሥራውን ሳይጠላው፣ አንባቢዎቹ ጥቁር ዋና ገጸ ባሕርይን ሊቀበሉ ይችላሉ ብሎ ስላላመነ ብቻ እንደመለሰው ዲሌኒ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽፏል። ልብ በይ፣ አዘጋጁ «እኔ አልወድም» አላለም፤ «አንባቢዎቼ አይወዱም» አለ። አንባቢው ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በመጽሔቱ ላይ አግኝቶ ስለማያውቅ መውደድን የሚለማመድበት ዕድል አልነበረውም። የአንቺና የእኔ ምርጫ የተሠራው በዚህ ክብ ውስጥ ነው፤ የቆዳችን ቀለምም ከክቡ አያወጣንም፤ ሁላችንም ያደግነው በዚያው ስክሪን ፊት ነውና።

በዚያው ዘመን በአንዲት የጠፈር መርከብ ላይ ያሉ ሰዎችን ታሪክ የሚተርከው ስታር ትሬክ በቴሌቪዥን ተጀመረ፤ 1966 ነበር። ኒሼል ኒኮልስ የመርከቧን የመገናኛ መኮንን ኡሁራን ሆና ትሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሥራውን ልትተው ስትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እንዳትለቅ እንዳሳመኗት እስከ ዕለተ ሞቷ ስትናገር ኖራለች። ይህ በየቦታው ይጠቀሳል። የማይጠቀሰው ግን አድናቂዎቹ በዚያች መርከብ ላይ ምን እንደጻፉ ነው። እኛ ዛሬ የምንከተለው፣ ሁለት ወንድ ገጸ ባሕርያትን በፍቅር የማጣመር ልማድ በ1970ዎቹ የጀመረው ከመርከቧ አዛዥ ከካፒቴን ከርክና ከምክትሉ ከስፖክ ነው፤ በኅትመት የወጣው የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ድርሰትም የ1974 ነው። ኪንግ «ከቦታሽ አትነሺ» ያሏት ሴት ግን በእነዚያ ሁሉ ገጾች ላይ በአብዛኛው መልእክት አቀባይ ሆና ቀረች።

ከዚያ ወደ ዘመናችን ስንመጣ የስታር ዋርስን ፊን እናገኛለን። በኅዳር ወር 2014 የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲወጣ፣ የወታደር ልብስ ለብሶ ከበረሃው አሸዋ ብድግ የሚለው ፊንን የሚሠራው ጥቁር ተዋናይ ጆን ቦዬጋ ነበር፤ ጥቁር ሰው ያንን ልብስ ሊለብስ አይገባም የሚል ጩኸት የተነሣውም ወዲያው ነው። ጩኸቱን የአድናቂ ደራስያን ሁሉ አወገዙት። ከዚያስ? ፊልሙ በ2015 ወጣ፤ ያ ሁሉ ያወገዘ ብዕር በብዛት የዞረው ጥቂት ትዕይንት ወደሚጋሩ ሁለት ነጭ መኮንኖች፣ ደግሞም አባቱን በሰይፍ ወደወጋው ወጣት ልጅነት ሆነ። ፊን በእነዚያ ድርሰቶች ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር እህቴ አንቺ ቆጥረሽ ነግረሽናል።

ልበ ሙሉ መለሰ፦

የሌሊት ብዕር፣ አሥር ቀን ብዕርሽን ማስቀመጥሽ እጅግ አሳዝኖኛል፤ የተቃውሞ ሐሳቤንም የምጽፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተቀላቀሉ ናቸው። የቬትናም ዝርያ ያላት ተዋናይ ኬሊ ማሪ ትራን በ2017 በወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ላይ ስለተወነች ብቻ ለወራት ስድብ ዘነበባት፤ በሰኔ 2018 የኢንስታግራም ገጿን ጽሑፎች በሙሉ አጠፋች። ጥቁሯ ተዋናይ ሞሰስ ኢንግራም በ2022 በዚያው ዓለም በተሠራ ተከታታይ ድራማ ላይ ስትወጣ የደረሷትን መልእክቶች ለሕዝብ ይፋ አድርጋለች። ዘረኝነት ብሎ መጥራት የሚገባው ይህንን ነው። ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ፣ ለደስታዋ ብላ የምትጽፍ ሴት የማንን ፍቅር መጻፍ እንዳለባት ከነዚያ ሰዎች ተግባር ጋር በአንድ ስም መጥራት ግን ቃሉን ራሱን አቅም ያሳጣዋል። ፍቅር በትእዛዝ አይጻፍም፤ በኮታ የተጻፈ የፍቅር ታሪክም ለማንም ክብር አይሆንም።

የምናገረው ከራሴ ልምድ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ድርሰቴ የእስያ ዝርያ ያላትን ሐኪም አሳስተህ ጽፈሃል ተብዬ በአንድ ሌሊት ከመቶ በላይ አስተያየት ተጻፈብኝ፤ ከፊሎቹ እንድሞት የሚመኙ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እሷን መጻፍ ትቻለሁ። ቆጣሪዎቹ ያተረፉት ይህንን ነው።

የጓዳ አራሚ መለሰች፦

የተከበሩ ልበ ሙሉ፣ የደረሰብዎት ማስፈራሪያ ነውር ነው፤ ለማንም ቢደርስ ነውር ነው፤ ይህንን ካላስቀደምሁ የሚቀጥለውን ለመናገር አፍ አይኖረኝም። ነገር ግን በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጻፉትን ራስዎ መልሰው ያንብቡልኝ። አሳስተው ጻፏት፣ ተሰደቡ፣ ከዚያም ተዉአት። ነጭ ገጸ ባሕርይ አሳስተው ጽፈው ያውቃሉ? እኔ የሰው ድርሰት ሳርም 14 ዓመት ሆኖኛል፤ ሁላችንም በየሳምንቱ እንሳሳታለን፤ ስንሳሳት የምናደርገው ደግሞ እንደገና መጻፍ ነው። ነጭ ያልሆነው ገጸ ባሕርይ ላይ ስንደርስ ብቻ ስሕተቱ የመጨረሻ ይሆንና ሰውየው ከነቤቱ ይሰረዛል። በጥላቻ ቢሰረዝ በፍርሃት ቢሰረዝ፣ ድርሰቱን ለሚከፍተው አንባቢ ያው ባዶ ቦታ ነው።

ስለ ምርጫ ያሉትን በግማሹ እቀበላለሁ። አንድ ሰው ከሚወዳቸው ጥንዶች ተነሥቶ ስለ ልቡ ፍርድ መስጠት አይቻልም፤ እንዲህ ያለውን ፍርድ በመስጠት ራሳቸውን ጻድቅ የሚያደርጉ ሰዎችም አሉ፤ እኔም አልወዳቸውም። ነገር ግን የአንድ ሰው ምርጫ ምርጫ ሲሆን፣ የመቶ ሺህ ሰው ምርጫ በየፊልሙና በየድራማው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያዘነብል ስሙ ሌላ ነው። ምርጫችን በእርግጥ ነጻ ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ እንኳ ወደዚያኛው ወገን መሳት ነበረበት።

ምርጫ ከዓይናችን ፊት ያለውን ቃል እንኳ እንዴት እንደሚሸፍን ካየኋቸው ሁሉ በግልጽ ያሳየኝ በ2012 የዘ ሀንገር ጌምስ ፊልም ሲወጣ የሆነው ነው። ሩ የምትባለውን ትንሽ ልጅ አማንድላ ስቴንበርግ ሠራቻት። በ2008 የታተመው መጽሐፍ የልጅቱን ቆዳ ጥቁር ቡናማ ብሎ በግልጽ ይገልጸዋል። ሆኖም መጽሐፉን አንብበው ስለ ሞቷ ያለቀሱ አንባቢዎች ፊልሙን ካዩ በኋላ በትዊተር ላይ ሩ ጥቁር መሆኗ አስገረመን አሉ፤ ሐዘናችን ቀነሰ ያሉም ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ገጹን ዘለው አይደለም፤ ልጅቱን ወደዷትና፣ ስለወደዷት ብቻ በሐሳባቸው ነጭ አደረጓት። አራሚ ነኝና ቃላት እንዲህ ሲጠፉ ያሳስበኛል።

በሴቶቹ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ በእጄ ከሚያልፉት ድርሰቶች አብዛኞቹ የሚታመሙት በዚህ በሽታ ነው። ጥቁሯ ሴት በፊልሙ ውስጥ ተወዳጅ ፍቅረኛ ከሆነች በድርሰቱ ውስጥ እንቅፋት ትሆናለች። በ2009ኙ የስታር ትሬክ ፊልም ኡሁራና ስፖክ ፍቅረኞች ሲሆኑ፣ በቢቢሲው ተከታታይ ድራማ በመርሊን አንጄል ኮልቢ ግዊኒቨርን ስትሠራ፣ ከ2014 ጀምሮ ዘ ፍላሽ በተባለው ድራማ ካንዲስ ፓተን አይሪስ ዌስትን ስትሠራ፣ ሦስቱም ጊዜ የተነሣው ቅሬታ በሚያስገርም ሁኔታ ይመሳሰላል፤ ትጨቀጭቃለች፣ ለእሱ አትመጥንም፣ ብቻዋን ብትሆን ይሻላታል። የመጨረሻዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። «ጠንካራና ነጻ ሴት ስለሆነች ፍቅር አያስፈልጋትም» የሚለው ሙገሳ ለነጭ ጀግና ሴት ሲሰጥ እኔ በ14 ዓመት ውስጥ ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ለጥቁር ሴት ሲሰጥ ግን መቁጠር ትቻለሁ። ሙገሳው ከበሩ የማስወጫ ጨዋ መንገድ ነው።

የሌሊት ብዕር፣ ለአንቺ ያለኝ ምክር የአራሚ ምክር ብቻ ነው። ረቂቅሽን ስትጨርሺ ጥቁሩ ገጸ ባሕርይ የሚናገራቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ለይተሽ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጪ። ከዚያም ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው። ሁሉም ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ ከሆኑ፣ በጥያቄ ምልክት የሚያልቁት «ደኅና ነህ?» እና «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» ብቻ ከሆኑ፣ ሰው አልጻፍሽም፤ የሚራመድ ትራስ ጽፈሻል። ለዚህ መድኃኒቱ ጀግና ማድረግ አይደለም፤ በኀፍረት የሚጽፉ ሰዎች ወዲያው የሚሮጡት ወደዚያ ነውና፤ እንከን የለሽ ሆኖ የተጻፈውም ሰው ቤት የለውም። ይልቅስ አንድ ነገር እንዲፈልግ አድርጊ፤ ትንሽና የሚያሳፍር ነገር ቢሆን ይመረጣል።

ቀለም በጥባጭ መለሰ፦

እኔ ሠዓሊ እንጂ ጸሐፊ ስላልሆንሁ አጭር አስተያየት ብቻ አለኝ። በአድናቂዎች ሥዕል ውስጥም ይኸው አለ፤ ልዩነቱ በዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። አንድ ተዋናይ በሥዕል ላይ ሦስት ደረጃ ነጥቶ፣ አፍንጫው ቀጥኖ፣ ጠጉሩ ተኝቶ ይወጣል፤ ሠዓሊው ሲጠየቅ «ቀለሙን ከፊልሙ ምስል ላይ ነው ያነሣሁት» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኃይለኛ መብራት ከበራበት ግንባር ላይ አንዲት ነጥብ ቀለም አንሥቶ ፊቱን በሙሉ ቢቀባበት ውጤቱ ያ ነው። ግን ይኸው ሠዓሊ ነጩን ተዋናይ ከጨለማ ትዕይንት ላይ አንሥቶ ቡናማ አድርጎት አያውቅም፤ ስሕተቱ በዚያ በኩል ሲሆን ወዲያው ዓይኑ ያርመዋል።

በእርግጥ መሣሪያዎቻችንም ንጹሓን አይደሉም። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እንዲሆን የሚልከው ካርድ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ «ሸርሊ» ይባል ነበር። ጥቁር ፊት በፊልሙ ላይ ጠቁሮ ዝርዝሩ ሲጠፋ ለዓመታት ብዙም ግድ የሰጠው አልነበረም፤ የቡናማ ቀለማት አወጣጥ እንዲሻሻል ጫና ካደረጉት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮላታ ሻጮች እንደነበሩ የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች ተናግረዋል። ቸኮላታው ተሰማለት። (በዚህ አጋጣሚ ለጸሐፊዎች አንድ ልመና፦ ጥቁር ቆዳን በቸኮላታ፣ በቡናና በካራሜል መግለጽን እባካችሁ ተዉልን። ነጩን ገጸ ባሕርይ ሊጥ የሚለው ሰው የለም።)

በሥራ ላይ የጠቀመኝን ልናገር። ጥቁር ቆዳ ላይ ጥላ ለመጣል ጥቁር ቀለም፣ ብርሃን ለመስጠት ነጭ ቀለም መጨመር ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። ጥላው ሞቅ ያለ ቀይና ወይን ጠጅ፣ ብርሃኑ ደግሞ በዙሪያው ያለው ነገር ቀለም ይሁን፤ ሰማይ ካለ ሰማያዊ፣ እሳት ካለ ብርቱካናማ። ይህንን ለመማር የፈጀብኝ ሁለት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ስድስት ዓመት ሙሉ «እኔ ጥቁር ሰው መሣል አልችልም» እያልሁ ነጮችን ብቻ ስሥል ነበር፤ ያንን ደግሞ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

ልበ ሙሉ መለሰ፦

ወይዘሮ አራሚ፣ «ነጭ አሳስተው ጽፈው ያውቃሉ?» ያሉኝ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ አብሮኝ አደረ። መልስ የለኝም፤ ማለትም አለኝ፣ ግን አይጠቅመኝም። በአንድ ነገር ግን አሁንም አልስማማም፤ ይህ ሁሉ ወደ ደንብ መለወጡ አይቀርም ብዬ እሰጋለሁ። በ2023 በግንቦት ወር አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን የተባለው የአድናቂ ድርሰቶች መዝገብ ቤት ተጠቃሚዎች፣ ድረ ገጹን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ዘረኝነት አብቁ በሚል መፈክር የተጠቃሚ ስማቸውን ሳይቀር ቀይረው ዘመቻ ማካሄዳቸውን ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ይህ ይከልከል ከተባለ፣ ነገ የሚከለከለውን ማን ይወስናል?

አሮጌ መዝገብ መለሰ፦

ወንድሜ ልበ ሙሉ፣ ስጋትህ መሠረት የለውም አልልም፤ ያ መዝገብ ቤት የተመሠረተው ራሱ የድርሰት ሥራዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ከየድረ ገጹ ሲሰረዙ ባዩ ሰዎች ነውና ለመሰረዝ አለመቸኮሉን እረዳለሁ። ግን ዘመቻውን በትክክል እናስታውሰው። ድርጅቱ በሰኔ 2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በተገደለ ማግሥት በነበሩት ሳምንታት፣ ዘረኝነትን በተመለከተ ለውጥ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ የ2023ቱ ጥያቄ በዋናው ያ ቃል የት ደረሰ የሚል ነበር። ከጥያቄዎቹ ትልቁ ክፍል ሰዎችን ከወከባ ስለ መጠበቅና በጉዳዩ ላይ ዕውቀት ያለው አማካሪ ስለ መቅጠር እንጂ፣ ማን ከማን ጋር በፍቅር ይጻፍ ስለሚል ነገር አልነበረም። አንተን በአንድ ሌሊት የደረሰብህ ወከባ ነጭ ባልሆኑ አድናቂዎች ላይ፣ ስለ ዘር አንዲት ቃል በተናገሩ ቁጥር፣ ለዓመታት ሲደርስ ቆይቷል። በ2009 ላይቭጆርናል በተባለው የብሎግ ድረ ገጽ ላይ ስለ ዘር ለወራት በተካሄደውና ሬስፌል ተብሎ በተጠራው ክርክር ጊዜ እኔም ዳር ቆሜ እመለከት ነበር፤ በብዕር ስም የሚጽፉ ተቺዎችን ትክክለኛ ስም እስከ ማጋለጥ የደረሱ ነበሩ። ያን ጊዜ ዝም ማለቴን አሁን አልኮራበትም።

ስለ ደንቡ ግን ከአንተ ጋር የምገናኝበት ቦታ አለ። ያ መዝገብ ቤት ደራሲው እንዲሞላቸው ከሚጠይቃቸው ማስጠንቀቂያዎች ውስጥ ከባድ ጥቃትን፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞትን፣ መደፈርንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን የሚመለከቱ አሉ። ዘረኝነትን የሚመለከት ቢጨመር በግልጽ የተጻፈውን ስድብ አንባቢ እንዲሸሸው ይረዳል፤ እኔ እደግፈዋለሁ። የእህታችንን 31 ድርሰቶች ግን አንዱንም አይነካቸውም። ያልተጻፈ ነገር መለያ አይለጠፍበትም፤ የትኛውም አወያይ «ይህ ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ አልታየም» ብሎ ድርሰት ሊያግድ አይችልም፤ ማገድም የለበትም። ይህንን ሊያይ የሚችለው እንደዚያች እንደጠየቀቻት አንባቢ ሁሉንም ያነበበና በጨዋ ቃል የሚጠይቅ ሰው ነው። ጆን ቦዬጋም በ2020 ለጂኪው መጽሔት ሲናገር ያማረረው ስለ ሰዳቢዎቹ ብቻ አልነበረም፤ ጥቁር ገጸ ባሕርይን ከተረቱ መሐል እንዳለ አስመስሎ አስተዋውቆ፣ በኋላ ወደ ዳር መግፋት ምን ያህል እንደሚያም ተናግሯል። የትራንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ስድቡ በ2018 ከኢንስታግራም አስወጣት፤ በ2019 በወጣው ቀጣይ ፊልም ላይ ደግሞ የምትታየው ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ነው። አንተ በሁለት የከፈልኸውን ነገር እሷ አንዱን ከሌላው ተከትሎ አየችው።

የሌሊት ብዕር መለሰች፦

ጋሽ መዝገብ፣ እህት አራሚ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አንተንም ልበ ሙሉ፣ ከሁሉም ይልቅ ለእኔ አዝነህ ስለጻፍህ።

አራሚ ያለችውን አድርጌዋለሁ። ከመጨረሻው ድርሰቴ የእሱን ንግግሮች ብቻ ገልብጬ ስቆጥር 19 ዓረፍተ ነገሮች ሆኑ፤ 11ዱ ጥያቄዎች ናቸው፤ «እኔ» የሚለው ቃል የተገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «እኔ አለሁልህ» በሚለው ውስጥ። ጮክ ብዬ ሳነበው ድምፄ የሆስፒታል አስታማሚ ድምፅ መሰለኝ።

ትናንት ማታ አዲሱን ድርሰት እንደገና ጀመርሁት። በልማዴ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ በር አንኳኩቶ ሊገባ ሲል ያዝሁትና ሰረዝሁት። ከዚያ ብዙ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቤቱን ለመሥራት ስሞክር ስለ እሱ የማውቀው ነገር እንደሌለ ገባኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ጽፌው ምን እንደሚያስቀው እንኳ አላውቅም። ፊልሙን እንደገና ከፍቼ እሱን ብቻ እየተከታተልሁ አየሁት። አንድ ትዕይንት ላይ ጓደኛው ሲያመሰግነው ፊቱን አዙሮ ለአፍታ ከንፈሩን ይነክሳል፤ ቢያንስ ሠላሳ ጊዜ ያየሁት ፊልም ነው፤ ይህንን አይቼው አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አሁን እሱ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ መብራት አላበራም፤ በሩን የሚያንኳኳው ጓደኛው ነው፤ ምክር ፈልጎ እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ፤ ያኛው አሁንም እያንኳኳ ነው፤ ይህኛው ግን ተነሥቶ አልከፈተለትም። ለምን እንደማይከፍትለት ገና አልነገረኝም።